ጠጠር የሚያደቅ ብርሃን፦ ከፊዚክስ ቤተ ሙከራ እስከ ደሴ ኦፕራሲዮን ክፍል

የኩላሊት ጠጠር የያዘውን ሰው አጠገቡ ሆኖ ያየ አይረሳውም። ሕመሙ ወገብ ላይ ይጀምራል። ወደ ጎን ይዞራል፤ ከዚያ ወደ ብሽሽት ይወርዳል። ቢቆምም፣ ቢተኛም፣ ቢንበረከክም ፋታ የለውም።

በወሎ ቆላ ይህ ሕመም እንግዳ አይደለም። ከቆቦ እስከ ከሚሴ፣ ከባቲ ቁልቁል ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ፣ ሙቀቱ ብርቱ ነው። ገበሬው፣ ሹፌሩ፣ የቀን ሠራተኛው በላብ ብዙ ውኃ ያጣል። የሚጠጣው ግን ያንን አይተካም። ሽንት ሲወፍር በውስጡ የሟሟው ካልሲየም፣ ኦክሳሌትና ዩሪክ አሲድ መርጋት ይጀምራል። ውሎ አድሮ ይጠጥራል። ሞቃት አካባቢ የሚኖር ሰው ለጠጠር ይበልጥ እንደሚጋለጥ በብዙ አገር ታይቷል።

ጠጠሩ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በውኃና በማስታገሻ ራሱ ይወጣል። ችግሩ ትልቁ ነው። ትልቁ የሽንት ቧንቧውን ዘግቶ ይቀመጣል። ሽንት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ኩላሊት ያብጣል። ኢንፌክሽን ከተጨመረበት ለሕይወትም ያሰጋል።

ድሮ እንዲህ ያለው ጠጠር የሚወጣው ወገብን በቢላ ከፍቶ ነበር። ቁስሉ ረጅም ነው። ለማገገም ሳምንታት ይፈጃል። ዛሬ ግን ቆዳ ሳይቀደድ የሚሠራበት መንገድ አለ። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ተጣጣፊ ካሜራ በሽንት መውጫ በኩል ይገባል። ፊኛን አልፎ፣ ቀጭኑን ቧንቧ ተከትሎ፣ ኩላሊት ውስጥ ይደርሳል። በካሜራው ውስጥ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ደግሞ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የመስታወት ክር ይሰደዳል። በክሩ ውስጥ ሌዘር ይሄዳል። ጠጠሩ እዚያው በተቀመጠበት ደቅቆ ዱቄት ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሌዘር ነው። በተለይ ደግሞ የትኛው ሌዘር እንደሚሻል ስለተፈተነበት ቦታ። ሐኪሞች የራሳቸውን ድርሻ ተወጥተዋል። ትልቁ የመሠረት ሥራ ግን የተሠራው ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ነው። እኛም ደሴ ላይ ሆስፒታልና የፊዚክስ ትምህርት ክፍል በአንድ ከተማ ውስጥ አሉን። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ተደርጎ መታለፍ የለበትም እላለሁ።

ሐኪም ያልሆነው ተመራማሪ

ናታኒዬል ፍሪድ ሐኪም አይደሉም። በአሜሪካ፣ በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሻርሎት የፊዚክስ ፕሮፌሰር ናቸው። ምርምራቸው በጥቃቅን ቀዳዳ ወይም በተፈጥሮ መተላለፊያ ለሚሠራ ቀዶ ጥገና የሚሆን ሌዘር ላይ ያተኩራል። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ቱሊየም ፋይበር ሌዘር የሚባለው ብርሃን የኩላሊት ጠጠርን መስበር እንደሚችል በቤተ ሙከራ አሳዩ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከወጡት ቀዳሚ ጥናቶች አንዱ ነው።

ያኔ በዓለም ዙሪያ ጠጠር የሚሰበረው ሆልሚየም በሚባል ሌዘር ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቦታውን ይዞ የቆየ መሣሪያ ነው። ይሠራል፤ ሐኪሞችም ለምደውታል። ታዲያ የሚሠራ ነገር እያለ ሌላ መፈለግ ለምን አስፈለገ?

የፊዚክስ ሰው ጥያቄ ከሐኪም ጥያቄ ይለያል። ሐኪሙ ከፊቱ የተኛውን ሰው ከሕመሙ ማዳን አለበት። የፊዚክስ ባለሙያው ደግሞ ብርሃኑ ጠጠሩ ላይ ሲያርፍ ምን ያህሉ ለሥራ ዋለ፣ ምን ያህሉ ባከነ ብሎ ይጠይቃል። የባከነው የት ሄደ? ውኃውን አሞቀ? ጤነኛውን ሥጋ ነካ? ክሩን አቃጠለ? እነዚህን ለመመለስ ከሰው የወጡ ጠጠሮች ውኃ ውስጥ ይቀመጣሉ። የክሩ ጫፍ ይጠጋቸዋል። ጠጠሩ ከመተኮሱ በፊትና ከተተኮሰ በኋላ ይመዘናል። የውኃው ሙቀት ይለካል። በሴኮንድ ብዙ ሺህ ምስል በሚያነሳ ካሜራ ሌዘሩ ውኃው ውስጥ አረፋ እንዴት እንደሚፈጥር ይታያል። ከዚያ የምቱ፣ ማለትም ሌዘሩ አንዴ ብልጭ ብሎ የሚቆይበት ጊዜ፣ ርዝመት ይቀየራል፤ ሁሉም እንደገና ይለካል።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ከ2005ቱ ጥናት አንስቶ መሣሪያው በአሜሪካ ሆስፒታሎች በሰፊው መግባት እስከጀመረበት እስከ 2020 አካባቢ 15 ዓመት ያህል አልፏል። በመሐሉ ብዙ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች በዚሁ ጉዳይ ላይ ሠርተዋል። በሩሲያም የሌዘር መሐንዲሶችና የኩላሊት ሐኪሞች አብረው ብዙ ገፍተውበታል። አንድ ሰው ብቻውን ያመጣው ለውጥ ነው ማለት ልክ አይሆንም። ግን አንድ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ አንዲትን ጥያቄ ሳይለቅ ያን ያህል ዓመት መያዙ ያስገርመኛል።

ቁም ነገሩ የብርሃኑ ቀለም ነው

ሌዘር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ዓይነት ኃይለኛ ጨረር ነው። እንደዚያ አይደለም። ዓይነቱ ብዙ ነው። የሚለያዩትም ከሁሉ በፊት በሞገድ ርዝመታቸው፣ በቀላሉ ለመናገር በቀለማቸው ነው። ብዙዎቹ የሕክምና ሌዘሮች ቀለማቸው በዓይን የማይታይ ነው።

የሌዘር ሐሳብ መነሻ አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1917 የጻፉት ነው። አንድ አቶም ጉልበት ይዞ ሳለ ተመሳሳይ ብርሃን ቢነካው፣ ያንኑ የመሰለ ብርሃን ይለቃል አሉ። ሐሳቡ መሣሪያ እስኪሆን ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ። ቴዎዶር ማይማን ግንቦት 16 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን ሌዘር አበሩ። ከሩቢ ድንጋይ የወጣ፣ 694 ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) የሞገድ ርዝመት ያለው ቀይ ብርሃን ነበር። በተከታዩ ዓመት፣ በ1961፣ ኒው ዮርክ ውስጥ የዓይን ሕመምተኛ በሌዘር ታከመ። ሕክምናው ሌዘርን ለመቀበል ጊዜ አላጠፋም።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው የሰው አካል ብርሃንን እንዴት እንደሚቀበል ማወቅ ነው። ሥጋችን አብዛኛው ውኃ ነው። በውስጡ ደም አለ፤ ቆዳችን ላይ ደግሞ ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን። ውኃ፣ ደምና ሜላኒን እያንዳንዳቸው የሚውጡት ቀለም የተለያየ ነው። 532 ናኖሜትር የሆነውን አረንጓዴ ብርሃን ደም በደንብ ይውጠዋል። ስለዚህ ያበጠ ፕሮስቴትን ለመቀነስ ጥቅም ላይ ውሏል። 1,064 ናኖሜትር የሆነውን ብርሃን ውኃም ደምም ብዙ አይውጡትም። ሥጋ ውስጥ በርከት ያለ ሚሊ ሜትር ዘልቆ ይገባል። ጥልቅ ነገር ለማሞቅ ጥሩ ነው፤ በጥንቃቄ ለመቁረጥ ግን አደገኛ ነው።

ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚወጣው ሌዘር 10,600 ናኖሜትር ነው። ውኃ ወዲያውኑ ይውጠዋል። ከ0.02 ሚሊ ሜትር በላይ ብዙም አይዘልቅም። በዚህም ምክንያት ድንቅ ቢላ ነው። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። በተለመደው የመስታወት ክር ውስጥ አያልፍም። ስለዚህ በመስተዋት እየተጠመዘዘ ከላይ ለሚታይ ቦታ ያገለግላል፤ በሽንት ቧንቧ ተሽሎክሉኮ ኩላሊት ድረስ መግባት አይችልም። 2,940 ናኖሜትር የሆነው ኤርቢየም የሚባለውም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። ውኃ ከሁሉም አብልጦ የሚውጠው እሱን ነው፤ ተራው ክር ግን አይሸከመውም።

እንግዲህ የሚፈለገው ሁለቱን የሚያሟላ ብርሃን ነው። ውኃ በደንብ ይዋጠው፤ ተራው የመስታወት ክርም ይሸከመው። ሆልሚየም 2,100 ናኖሜትር ነው። በክር ያልፋል። ውኃ ውስጥ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ዘልቆ ያልቃል። ጥሩ ነው። ቱሊየም ፋይበር ሌዘር ግን 1,940 ናኖሜትር ነው። የ160 ናኖሜትር ልዩነት ቢሆን ነው። ሆኖም 1,940 ውኃ ብርሃንን አጥብቆ ከሚውጥበት ጫፍ አጠገብ ያርፋል። ስለዚህ ዘልቆ የሚገባው 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጉልበቱ ሁሉ በአራት እጥፍ ባነሰ ጥልቀት ውስጥ ይከማቻል። ጠጠሩን ለመስበር የሚያስፈልገው ጉልበት ይቀንሳል። ከጀርባ ያለው ጤነኛ ሥጋም የተሻለ ይጠበቃል።

ጠጠር ደረቅ ነገር ይመስላል እንጂ በውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ውኃ አለ። ፈንዲሻ ሲፈነዳ ያየ ሰው የሚሆነውን ለመረዳት አይቸገርም። በበቆሎው ፍሬ ውስጥ ያለችው ጥቂት ውኃ እንፋሎት ሆና ቅርፊቱን ትበጥሰዋለች። በጠጠሩ ውስጥ ያለው ውኃም በሌዘሩ በቅጽበት ይፈላል፤ ጠጠሩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ብርሃኑ ከክሩ ጫፍ እስከ ጠጠሩ ያለውን ውኃ እንዴት ያልፋል የሚል ካለ፣ የምቱ መጀመሪያ የእንፋሎት አረፋ ይሠራል፤ ተከታዩ ክፍል በአረፋው ውስጥ ያልፋል። ሐኪሞች ይህን ክስተት ባሕሩን በከፈለው በሙሴ ስም ይጠሩታል።

የምቱም ጠባይ ይለያያል። የሆልሚየም ምት ከባድ ነው። አንዱ ምት ሲያርፍ ጠጠሩ ወደ ኋላ ይዘላል። ሐኪሙ በካሜራ እየተከተለ ሊያባርረው ይገደዳል። ጊዜ ይሄዳል፤ ሕመምተኛው ሰመመን ውስጥ የሚቆይበት ደቂቃም ይጨምራል። የቱሊየሙ ምት ለስለስ ያለ ነው፤ ግን በሴኮንድ ከ2,000 ጊዜ በላይ ሊመታ ይችላል። ጠጠሩ ብዙም ሳይንቀሳቀስ ይደቅቃል። ክሩም ቀጭን መሆን ይችላል። ቀጭን ክር ካሜራው በደንብ እንዲታጠፍ ያስችላል፤ ለውኃ ማለፊያም ቦታ ይተርፋል።

የውኃው ነገር

ለውኃ ማለፊያ ቦታ መትረፉ ትንሽ ነገር አይደለም። ይህን ክፍል ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጽፈው። ምክንያቱም ሌዘር ደም አያፈስም፣ ቆዳ አይቀድም እየተባለ ሲወደስ አደጋው ይረሳል።

ሐኪሙ በሚሠራበት ጊዜ ንጹሕ የጨው ውኃ ያለማቋረጥ ወደ ኩላሊት ይገባል። ዱቄቱን ያጥባል፤ እይታውን ያጠራል። ከዚያ በላይ ደግሞ ያቀዘቅዛል። እስቲ ውኃው ቢቆም ምን እንደሚሆን በቀላል ሒሳብ እንየው። በኩላሊቱ ክፍት ቦታ 10 ሚሊ ሊትር ውኃ አለ እንበል። ሌዘሩ 20 ዋት ይሰጣል። ሙቀቱ ወደ ሌላ ቦታ ካልሄደ ያ ውኃ በየሴኮንዱ በግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል። ከ37 ዲግሪ ተነስቶ 43 ለመድረስ 13 ሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ 50 ይገባል።

43 ዲግሪ ለምን ተለይቶ ይጠቀሳል? የሙቀት ጉዳት የሚሰላው ከእሱ ተነስቶ ስለሆነ ነው። በተለመደው ስሌት 43 ዲግሪ ላይ ሥጋን ለመጉዳት 2 ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 50 ላይ 1 ደቂቃ ያህል ይበቃል ማለት ነው። ሐኪሙ በካሜራው ይህን ሙቀት አያየውም። ምስሉ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል፤ ሥጋው ግን እየተጎዳ ነው።

ቱሊየምም ሆነ ሆልሚየም ከዚህ አያመልጡም። ዋት ዋት ነው። መፍትሔው ኃይሉን መመጠን፣ ውኃውን አለማቋረጥ፣ በየመሐሉ ማረፍ ነው። ይህን ማወቅ ደግሞ ሥልጠና ይፈልጋል። ቁልፉን የት ላይ እንደሚያደርግ ብቻ የተነገረው ሰው ለምን እንደሆነ ካልተረዳ አንድ ቀን ስህተት መሥራቱ አይቀርም። በእኔ እምነት በኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ ፊዚክስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ደሴ ላይ ምን ይለወጣል?

«አባባ፣ ጠጠሩ ትልቅ ነው። አዲስ አበባ ሪፈር እንጽፍልዎታለን።»

«ልጄ፣ አዲስ አበባ ማን አለኝ?»

እንዲህ ያለ ንግግር ያልሰማ የወሎ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣርማ በርን አቋርጦ፣ ሪፈር ወረቀት ይዞ፣ አስታማሚ አስከትሎ፣ ማረፊያ ፈልጎ፣ ወረፋ ጠብቆ። ዘመድ «አብሽር፣ አላህ ያውቃል» ብሎ ያጽናናል። ያም ሆኖ ሕመሙ ጊዜ አይሰጥም። ወጪው ደግሞ ከሕክምናው በፊት በመንገዱ ይጀምራል።

ይህን ለመቀነስ ሕክምናው ወደ ሕመምተኛው መቅረብ አለበት። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የወሎ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ዕቃቸው ተዘርፏል፤ ተሰባብሯል። መልሶ መገንባቱ ብዙ ልፋት ጠይቋል። እንደገና ዕቃ የሚገዛ ተቋም የቀድሞውን ብቻ ከመተካት ይልቅ የተሻለውን የመምረጥ ዕድል አለው። ምርጫው ግን በእውቀት መሆን አለበት።

እዚህ ላይ የሌዘሩ ዓይነት ከሶኬቱ ጋር ይገናኛል። የሆልሚየም ማሽን ውስጥ ጉልበት የሚሰጠው ብልጭ የሚል ኃይለኛ መብራት ነው። ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ወደ ሌዘርነት የሚቀየረው ከመቶ አንድ ሁለት እጁ ነው። የቀረው ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ትልልቆቹ ማሽኖች በውኃ መቀዝቀዝ አለባቸው። ለብቻው የተዘረጋ ከባድ የኤሌክትሪክ መስመርም ይፈልጋሉ። ክብደታቸው 200 ኪሎ የሚያልፍ አሉ። ውስጣቸው ያሉት መስተዋቶች አቅጣጫቸው ትንሽ እንኳ ከተዛባ ኃይሉ ይወርዳል።

የቱሊየሙ አሠራር ሌላ ነው። ሌዘሩ የሚፈጠረው ራሱ ቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ ነው። ጉልበት የሚሰጡት ዳዮድ የሚባሉ፣ ኤሌክትሪክን በቀጥታ ወደ ብርሃን የሚቀይሩ ጥቃቅን ዕቃዎች ናቸው። ብክነቱ በጣም ያነሰ ነው። በተራ ሶኬት ይሠራል፤ በአየር ማራገቢያ ይቀዘቅዛል። የሚዛባ መስተዋት የለውም። መብራት በሚመጣና በሚሄድበት፣ ዕቃ በመኪና አቀበት ቁልቁለት ተንገላቶ በሚደርስበት አገር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

በቀላሉ የማይታሰብ አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። አየሩ ስስ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ማሽን ደግሞ አየሩ ሲሳሳ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። የመሣሪያ መመሪያዎች ማሽኑ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ ይጽፋሉ። አንዳንዶቹ 2,000 ሜትር ላይ ያቆማሉ። ኮምቦልቻ ላይ ደህና የሚሠራ ማሽን ደሴ ላይ ሊያስቸግር ይችላል። በመሐላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የከፍታ ልዩነታቸው ግን ከ600 ሜትር ይበልጣል። ይህን ከመግዛት በፊት መጠየቅ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው። ከገዙ በኋላ ግን ብዙ ያስከፍላል።

ሌዘር ብቸኛው መንገድ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጠጠርን ከውጭ በድምፅ ሞገድ የሚሰብር መሣሪያ አለ። ሙኒክ ውስጥ ነው የተጀመረው። በአየር ግፊት እንደ መዶሻ የሚመታ ቀጭን ዘንግም አለ። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ለታችኛው የሽንት ቧንቧ ጠጠር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለሌዘር ደግሞ ክሩ በየጊዜው ይተካል። ክር ሲያልቅ የውጭ ምንዛሪ ይፈለጋል። ማሽን ተገዝቶ ክር ጠፍቶ ሥራ ከሚቆም፣ ገና ሲገዛ የዓመታት ክር አብሮ ቢታሰብ ይሻላል። የተጣጣፊው ካሜራ ነገርም እንዲሁ ነው። በቀላሉ ይሰበራል፤ ጥገናው ውድ ነው።

ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሉ

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለው። ፊዚክስም ያስተምራል። ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ሰሜኑ ላይ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ። ደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከደሴው ግቢ ሩቅ አይደለም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳና በዓይን ሕክምና የቆየ ስም ያለው ነው። ቆዳና ዓይን ደግሞ ሌዘር ከሁሉ ቀድሞ የገባባቸው የሕክምና ዘርፎች ናቸው። ሰውም ተቋምም አለ። የጎደለው በመካከላቸው ያለው መንገድ ነው።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ሌዘር የተጻፉ የማስተርስ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። ባለ ሦስት እርከን አቶም ሌዘር፣ የተጨመቀ ብርሃን፣ የፎቶን ስታቲስቲክስ። በሒሳብ ደረጃ ጠንካራ ሥራዎች ናቸው። መሣሪያ ስለሌለ ተማሪው በወረቀትና በሰሌዳ ይሠራል። በዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም። ያ ሁሉ የሌዘር እውቀት ግን ኦፕራሲዮን ክፍል ደጃፍ ላይ ደርሶ መቆሙ ያሳዝነኛል።

ለመጀመር ውድ ሌዘር አያስፈልግም። ከላይ የጻፍኩት የሙቀት ሒሳብ በአንድ ማሞቂያ፣ በአንድ ቴርሞሜትርና በውኃ ቧንቧ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሊፈተሽ ይችላል። ስንት ሚሊ ሊትር ውኃ በደቂቃ ቢገባ ሙቀቱ ከ43 በታች ይቆያል? ውኃውን ቀድሞ ማቀዝቀዝ ምን ያህል ይረዳል? የደሴ ብርድ እዚህ ላይ ያግዛል። ለአንድ ጎበዝ የማስተርስ ተማሪ የሚበቃ ርዕስ ነው። ውጤቱም ለሚሠለጥኑ ሐኪሞች በቀጥታ ይጠቅማል።

ሆስፒታል ውስጥ ያለ ሌዘር ካለ ደግሞ የሚሰጠው ዋት ስክሪኑ ላይ ከተጻፈው ጋር መመሳሰሉን በየጊዜው የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። ማሽን ሲያረጅ ቁጥሩ ይዋሻል። መለኪያው ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ለብዙ ሆስፒታል አንድ ይበቃል። የፊዚክስ ክፍሉ ይዞት እየዞረ ሊለካ ይችላል። የዓይን መከላከያ መነጽርም የሚታየው በዚሁ ዓይን ነው። ለ532 ናኖሜትር የተሠራ መነጽር ለ1,940 አይሆንም። በመነጽሩ ጥግ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቦ የሚያጣራ ሰው መኖር አለበት።

ከውጭም በር አለ። በጣልያን ትሪየስት ያለው፣ በፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ በአብዱስ ሰላም በ1964 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፍ ማዕከል ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተመራማሪዎች የኦፕቲክስ ሥልጠና ሲሰጥ ኖሯል። በደቡብ አፍሪካ መቀመጫውን ያደረገው የአፍሪካ ሌዘር ማዕከልም በአህጉሩ ያሉ ቤተ ሙከራዎችን ለማገናኘት የተቋቋመ ነው። ጥሩ ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው እንዲህ ባሉ ቦታዎች ጆሮ ያገኛል።

ከሁሉም ግን እኔ የማስቀድመው አንድ ሥራ አለ። የወሎ ሰው ጠጠር ከምን እንደተሠራ በደንብ ይጠና። የካልሲየም ኦክሳሌት ጠጠር ጠንካራ ነው። የዩሪክ አሲድ ጠጠር በመድኃኒት ሊሟሟ ይችላል፤ ሌዘርም ላያስፈልገው ይችላል። ከኢንፌክሽን የሚመጣው ደግሞ ሌላ ነው። የቆቦው፣ የከሚሴውና የደሴው ሰው ጠጠር አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። ውኃው ይለያያል፤ አመጋገቡ ይለያያል፤ ሙቀቱ ይለያያል።

የጠጠርን ዓይነት የሚለየው መሣሪያ ኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር ነው። በኬሚስትሪና በፊዚክስ ቤተ ሙከራዎች የታወቀ ነው። ጠጠሩ ይፈጫል፤ ብርሃን ይተላለፍበታል፤ የትኛውን ቀለም እንደዋጠ ይነበባል። ከታካሚው የወጣ ጠጠር ፈቃዱን ጠይቆ፣ ስሙን ሳይሆን ዕድሜውን፣ ጾታውንና የመጣበትን ወረዳ ብቻ ጽፎ በትንሽ ብልቃጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ነርሷ ብልቃጡ ላይ ቁጥር ትለጥፋለች፤ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ዩኒቨርሲቲው ይላካል። ከጥቂት ወራት በኋላ የኩላሊት ሐኪሙና የፊዚክስ መምህሩ አንድ ሠንጠረዥ ፊት ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት ነገር ይኖራቸዋል። የትኛው ማሽን ይገዛ የሚለውም ከዚያ ሠንጠረዥ ቢጀምር ይሻላል።